ጦማረ ልዮን፦ ክርክሩ የትኛው ቃል ላይ ነው?

ተክለ ጽዮን

ሰላም ለሁላችሁ። የሮሙ ጳጳስ ልዮን ለቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ለፍላብያኖስ የላከው ደብዳቤ ለጉባኤ ጥናት ተመርጧል። ተሳታፊዎቹ «ክርስቶስን ሁለት ባሕርይ ያለ ደብዳቤ ነው» የሚለውን ያውቃሉ፤ ከዚያ የዘለለ ግን የለም። ደብዳቤው በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል? አባቶቻችን የተቃወሙት የትኛውን ቃሉን ነው? የቍስጥንጥንያውን መነኩሴ አውጣኪን እኛም እናወግዘዋለን፤ ታዲያ አውጣኪን የሚያወግዝ ደብዳቤ ለምን ተወገዘ? የምታውቁ በምዕራፍና በቃል ለይታችሁ ብትጽፉልን።

ዐንባቤ መጻሕፍት

ከዘመኑ ልነሣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነውና። ደብዳቤው የተጻፈው ጁን 13 ቀን 449 እ.ኤ.አ. ነው። አውጣኪ በቍስጥንጥንያ ሲኖዶስ ፊት ተከስሶ የተወገዘው ኖቬምበር 448፣ ሁለተኛው የኤፌሶን ጉባኤ የተከፈተው ደግሞ ኦገስት 449 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሦስቱም በአንድ ዓመት፣ በ441 ዓ.ም. ውስጥ ይወድቃሉ። ደብዳቤው የጸደቀበት የኬልቄዶን ጉባኤ ኦክቶበር 451 ስለሆነ 444 ዓ.ም. ነው፤ ከመስከረም በኋላ የሚቀነሰው ሰባት መሆኑን ረስቶ ስምንት የቀነሰ ሰው 443 ላይ ያርፋል። ሦስቱ ነገሮች እንዲህ መቀራረባቸው ራሱ ነገር ያስረዳል። ልዮን የክሱን ቃለ ጉባኤ አግኝቶ መልስ እስኪጽፍ የነበረው ጊዜ አጭር ነበር፤ እንዲያውም በፌብሩዋሪ 449 ለፍላብያኖስ ጽፎ «ስለዚህ ነገር ለምን ዝም አልከኝ?» ብሎ ወቅሶታል።

ደብዳቤው በስድስት ምዕራፍ ተከፍሎ ይታተማል፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። መጀመሪያው ምዕራፍ አውጣኪን የሚወቅስ ነው፤ አላዋቂነቱንና ከሚያውቁት አለመጠየቁን ይናገራል። ሁለተኛው ከሮም የጥምቀት ጸሎተ ሃይማኖት ይነሣል፦ ሁሉን በሚችል በአብ፣ በአንድ ልጁ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፣ ከመንፈስ ቅዱስና ከድንግል ማርያም በመወለዱ ማመን። ልዮን «በእነዚህ ሦስት ቃላት የመናፍቃን ሁሉ ሽንገላ ይፈርሳል» ይላል። ከዚያ ማቴዎስ 1፥1ን፣ ሮሜ 1ን፣ ገላትያ 3፥16ን፣ ኢሳይያስ 7፥14ን ይጠቅሳል። ሦስተኛውና አራተኛው የደብዳቤው ልብ ናቸው፤ ክርክሩ ሁሉ እዚያ ነው። አምስተኛው የሥጋውን እውነተኛነት ከመጽሐፍ ያስረዳል፤ ሉቃስ 24፥39 «እጄንና እግሬን እዩ» የሚለው እዚህ አለ። ስድስተኛው የአውጣኪን መልስ ይዞ ይሟገታል፤ ንስሐ ከገባም በምሕረት እንዲቀበሉት ያዛል።

በጥናት ላይ የሚያጋጥም አንድ ችግር አለ። በኬልቄዶን የተነበበው ቅጂ በመጨረሻው የአባቶች ቃል ስብስብ ተቀጽሎበታል። ያ ስብስብ በ449 አልነበረም፤ ልዮን በ450 መልእክተኞቹን ወደ ቍስጥንጥንያ ሲልክ የጨመረው ነው። እጃችሁ የገባው ቅጂ ስብስቡን የያዘ ከሆነ የ449ኙ ደብዳቤ አካል አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ወለተ ሚካኤል

ተክለ ጽዮን፣ «የትኛው ቃል» ላልከው የኬልቄዶን ቃለ ጉባኤ ራሱ መልስ አለው። ደብዳቤው በሁለተኛው ስብሰባ፣ ኦክቶበር 10 ቀን፣ ሲነበብ የእልዋሪቆንና የፍልስጥኤም ጳጳሳት በሦስት ቦታ ተነሥተው ጠይቀዋል። ሦስቱን ወደ አማርኛ መልሼ ላስቀምጥ።

አንደኛው ከምዕራፍ 3 ነው፦ «የእግዚአብሔርና የሰው መካከለኛ የሆነው አንዱ ራሱ፣ ሰው የሆነው ኢየሱስ ክርስቶስ፣ በአንዱ በኩል መሞት ይችል ዘንድ፣ በሌላው በኩል መሞት አይችል ዘንድ።»

ሁለተኛው ከምዕራፍ 4፦ «እያንዳንዱ መልክ ከሌላው ጋር በአንድነት የየራሱን ይሠራል፤ ቃል የቃልን ያደርጋል፣ ሥጋም የሥጋን ይፈጽማል። አንዱ በተአምራት ያበራል፣ ሌላው ለግፍ ይዳረጋል።»

ሦስተኛው ከዚያው ከምዕራፍ 4፦ «በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ የአምላክና የሰው አንድ አካል ቢሆንም፣ ውርደቱ ለሁለቱ የጋራ የሚሆንበት ሌላ ነው፤ ክብሩም የጋራ የሚሆንበት ሌላ ነው።»

ለየአንዳንዱ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ ቄርሎስ ጽሑፍ አቻ እየተፈለገ ተነበበላቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የቍስጥንጥንያው ሊቀ ዲያቆናት አኤጥዮስ፣ ሦስተኛውን የቂሮሱ ጳጳስ ቴዎዶሪጦስ አመጡ። የኒቆጶሊሱ ጳጳስ አጢቆስ ግን በዚህ አልረካም። ጊዜ ይሰጠን፣ ቄርሎስ ክርስቶስን ለሁለት ከፍሏል ተብሎ ለተወገዘው ለንስጥሮስ የጻፈው ሦስተኛው ደብዳቤ፣ ዐሥራ ሁለቱ ውግዘቶች ያሉበት፣ ይቅረብልን አለ። አምስት ቀን ተሰጣቸው። አጢቆስ ያንን ደብዳቤ ለይቶ የጠየቀው በዋዛ አይደለም፤ አራተኛው ውግዘት በቀጥታ የልዮንን ምዕራፍ 4 ይነካል። በወንጌልና በሐዋርያት መጻሕፍት ስለ ክርስቶስ የተነገሩትን ቃላት ለሁለት አካላት የሚያካፍል፣ ከፊሉን ከቃል ተለይቶ ለሚታሰብ ሰው፣ ከፊሉን ለቃል ብቻ የሚሰጥ ይወገዝ ይላል።

ስለዚህ «ግብጻውያን ብቻ ተቃወሙ» የሚባለው ልክ አይደለም። በኋላ ደብዳቤውን የፈረሙ ጳጳሳትም መጀመሪያ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ተደናቅፈዋል።

ደቀ ቄርሎስ

ወለተ ሚካኤል ያስቀመጠችውን ሁለተኛውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙት። በተዋሕዶ መምህራን ዘንድ ዋናው እንቅፋት እርሱ ነውና። ልዮን ለሁለቱ መልኮች ሥራ ሲያከፋፍል ምሳሌ ይደረድራል። በመጠቅለያ የተጠቀለለው ሕፃንነቱ፣ መላእክት ያመሰገኑት ልዕልናው፤ ሄሮድስ ሊገድለው ሲፈልግ ሰብአ ሰገል ሲሰግዱለት፤ መራቡ፣ መጠማቱ፣ መድከሙ፣ መተኛቱ የሰው፤ በአምስት እንጀራ አምስት ሺህ ሰው ማጥገቡ፣ ለሳምራዊቷ ሴት የሕይወትን ውኃ መስጠቱ የአምላክ፤ ለአልዓዛር ማልቀሱ የአንዱ፣ አራት ቀን የሞላውን ማስነሣቱ የሌላው። «እኔና አብ አንድ ነን» (ዮሐ. 10፥30) እና «አብ ከእኔ ይበልጣል» (ዮሐ. 14፥28) የሚሉትም የአንድ ባሕርይ ቃላት አይደሉም ይላል።

ጥያቄው እንግዲህ የተራበው ማን ነው፣ ያጠገበው ማን ነው የሚል ነው። ቄርሎስ መልሱን አንድ ያደርገዋል፦ ሥጋ የሆነው ቃል ተራበ፣ ሥጋ የሆነው ቃል አጠገበ። በሥጋ ተራበ እንላለን፤ ሥጋ ተራበ፣ ቃል አጠገበ ብለን ግን አንከፍለውም። በልዮን ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሠራው «መልክ» ነው፤ ባለቤቱ ሁለት ይሆናል። ከአንድ አካል ሁለት ሠሪ ካወጣን ንስጥሮስ የተወገዘበት በር በሌላ አቅጣጫ ተከፈተ ማለት ነው። የአባቶች ፍርሃት ይህ ነበር።

ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ይህንን በአንድ ምሳሌ ይቋጨዋል፦ ጌታ በባሕር ላይ መሄዱ። በውኃ ላይ መራመድ የሰው ባሕርይ አይደለም፤ በሥጋ እግር መራመድም የመለኮት አይደለም። ታዲያ ይህ ሥራ ለየትኛው መልክ ይከፈላል? እግሩን ለሥጋ፣ አለመስጠሙን ለቃል ብለህ ብትቈርጠው ድርጊቱ ራሱ ይጠፋል። ሥራው ያልተከፋፈለ፣ ሥጋ የለበሰው የቃል ሥራ ነው። ለጉባኤ ጥናታችሁ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ምሳሌ ይመስለኛል፤ የልዮንን ዝርዝር አንብባችሁ ስታበቁ የባሕሩን ጉዞ አምጥታችሁ ለየትኛው ወገን እንደሚገባ ጠይቁ።

ዮሴፍ (ካቶሊካዊ)

ወንድሜ ደቀ ቄርሎስ፣ ተቃውሞውን በትክክል አስቀምጠኸዋል፤ ልዮንም በራሱ ቃል ይሰማ ዘንድ ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ «ሥጋ ተራበ፣ ቃል አጠገበ» የሚለው ላይ ቆመህ ምዕራፍ 5ን አትዝለለው። እዚያ ልዮን፣ አካሉ አንድ ስለሆነ፣ የሰው ልጅ ከሰማይ ወረደ ይባላል፤ የእግዚአብሔር ልጅ ተሰቀለ፣ ተቀበረ ይባላል ይላል። 1ኛ ቆሮንቶስ 2፥8ንም ይጠቅሳል፦ «የክብርን ጌታ ባልሰቀሉትም ነበር።» ንስጥሮስ ይህን በፍጹም አይልም። ልዮንን ንስጥሮሳዊ ማለት ምዕራፍ 5ን ሳያነቡ መፍረድ ነው።

ሁለተኛ፣ «መልክ» የሚለው ከፊልጵስዩስ 2፥6-7 የመጣ ነው፤ «በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ሳለ... የባሪያን መልክ ይዞ» ከሚለው። በላቲን አባቶች ዘንድ ያ ቃል ራሱን የቻለ አካል ማለት አይደለም። «ከሌላው ጋር በአንድነት» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ተቈርጦ ይቀራል። እርሱን አስቀርቶ መጥቀስ ደብዳቤውን ማዛባት ነው።

ሦስተኛ፣ ቄርሎስ ራሱ በ433 ከዮሐንስ ዘአንጾኪያ ጋር ሲታረቅ በተቀበለው ስምምነት፣ ነገረ መለኮትን የሚያውቁ ሰዎች ስለ ጌታ ከተነገሩት ቃላት ከፊሉን ለአንዱ አካል የጋራ እንደሚያደርጉ፣ ከፊሉን እንደ ሁለት ባሕርይ እንደሚለዩ ተጽፏል። ልዮን ከዚህ ምን ያህል ራቀ?

ደቀ ቄርሎስ

ዮሴፍ፣ ምዕራፍ 5ን ማስታወስህ ተገቢ ነው፤ ልዮንን ከንስጥሮስ ጋር አንድ አድርጎ መፈረጅ እኔም አልደግፍም። በ433ቱ ላይ ግን ልዩነቱን እናስተውል። ስምምነቱ የሚናገረው ቃላትን ስለ መለየት ነው፤ አንዱን ጌታ አንዳንዴ በአምላክነቱ፣ አንዳንዴ በሰውነቱ ስለ መጥራት። ቄርሎስ ከዚያ በኋላ ሲያብራራም መለየቱ በሕሊና፣ በማሰብ ብቻ መሆኑን ደጋግሞ ጽፏል። ልዮን ከቃላት አልፎ ሥራዎችን ለባሕርያት ሰጠ። ቃላትን በሐሳብ መለየት ሌላ፣ ባሕርያትን ሠሪ ማድረግ ሌላ ነው።

ወለተ ሚካኤል

ልዮንም ይህ እንዳስቸገረ ያወቀ ይመስለኛል። በ453 ለፍልስጥኤም መነኮሳት ሲጽፍ፣ ደብዳቤው ወደ ግሪክ ሲመለስ በአላዋቂነት ወይም በተንኮል እንደተበላሸ ይናገራል። ከዚያ ነገሩን በአዲስ ቃል ያስቀምጠዋል፦ ቃል በድንግል ማኅፀን ሥጋ ከሆነ ጀምሮ በሁለቱ መካከል ክፍፍል አልነበረም፤ በዘመኑ ሁሉ የተሠሩት ሥራዎች የአንድ አካል ሥራዎች ናቸው፤ ሳይለይ የተሠራውን ግን አናቀላቅለውም፣ የትኛው የየትኛው መልክ እንደሆነ ከሥራው ጠባይ እናውቃለን። በ458 ስሙን ለሚጋራው ለቍስጥንጥንያው ንጉሥ ለልዮን በላከው ረጅም ደብዳቤ ይህንኑ ደግሞታል።

እዚህ ላይ ሠሪው አንዱ አካል ነው፤ መልኮቹ የሚታወቁበት ነገር ነው የቀረው። በ449 እንዲህ ብሎ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ከሦስቱ ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱ የሚነሣ አይመስለኝም። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የግድ ነው።

ሮማን

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። «ጴጥሮስ በልዮን አፍ ተናገረ» ብለው ጮኹ ይባላል። ወዲያው ከጮኹ አምስት ቀን ለምን አስፈለገ? የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮስቆሮስስ የተሻረው ደብዳቤውን ስላልተቀበለ አይደለም?

ዐንባቤ መጻሕፍት

እህቴ ሮማን፣ ጩኸቱ ግማሹ ብቻ ነው የሚጠቀሰው። ጳጳሳቱ «ጴጥሮስ በልዮን እንዲህ ተናገረ» ካሉ በኋላ «ቄርሎስም እንዲሁ አስተማረ፤ ልዮንና ቄርሎስ አንድ አስተማሩ» ብለው ቀጥለዋል። ሚዛኑ ቄርሎስ ነበር። ኦክቶበር 17 ቀን በአራተኛው ስብሰባ ጳጳሳቱ አንድ በአንድ ሲጠየቁም የሰጡት ምክንያት ደብዳቤው ከኒቅያ፣ ከቍስጥንጥንያና ከኤፌሶን ሃይማኖት ጋር ይስማማል የሚል ነው። ዐሥራ ሦስት የግብጽ ጳጳሳት ግን ሊቀ ጳጳሳት ሳይኖረን አንፈርምም፣ ብንፈርም ሀገራችን ገብተን በሕይወት አንኖርም ብለው ለምነዋል።

ስለ ዲዮስቆሮስ፦ ኦክቶበር 13 ሲሻር በደብዳቤው ላይ ክርክር አልተደረገም። የቍስጥንጥንያው አናጦልዮስ በአምስተኛው ስብሰባ በግልጽ ተናግሯል፤ ዲዮስቆሮስ የተሻረው በሃይማኖት ምክንያት ሳይሆን ልዮንን ስላወገዘና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልመጣ ነው ብሏል። ይህ በእኛ አባቶች ተጽፎ ቢሆን ማንም አያምነንም ነበር፤ የተጻፈው በጉባኤው በራሱ መዝገብ ነው። ዲዮስቆሮስ ወደ ጋንግራ ተጋዘ፤ በ454 እዚያው ዐረፈ። መስከረም 7 ቀን እናስበዋለን።

ደቀ ቄርሎስ

የተክለ ጽዮን ሦስተኛ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር፤ አውጣኪን የሚያወግዝ ደብዳቤ ለምን ተወገዘ?

አውጣኪ በክሱ ላይ ያለው «ጌታችን ከተዋሕዶ በፊት ከሁለት ባሕርይ እንደሆነ አምናለሁ፤ ከተዋሕዶ በኋላ ግን አንድ ባሕርይ አምናለሁ» የሚል ነው። ቃሉ ብቻውን ሲታይ ከቄርሎስ አነጋገር ጋር ይቀራረባል። የአውጣኪ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው፤ የጌታ ሥጋ ከእኛ ሥጋ ጋር አንድ ባሕርይ መሆኑን ለመመስከር አንገራገረ። ልዮን በምዕራፍ 6 የያዘው ግን የመጀመሪያውን ቃል ነው። ከተዋሕዶ በፊት ሁለት ማለት ሰውነቱ ከመፀነሱ በፊት ነበረ ማለት ይሆናል፤ በኋላ አንድ ማለትም እኩል ክሕደት ነው አለ። እኛ ግን «ከሁለት ባሕርይ» ስንል ሥጋ ከመዋሐዱ በፊት ለብቻው ኖረ ማለታችን አይደለም። ተዋሕዶው ከምን ከምን እንደሆነ በሕሊና እንናገራለን። አውጣኪን ሊመታ የተሰነዘረው ቃል የቄርሎስንም ቀመር መታ፤ ጠቡ ይህ ነው።

ዲዮስቆሮስ በኬልቄዶን የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የተናገረውን ጨምሩበት። አውጣኪ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ ከሆነ ቅጣት ብቻ ሳይሆን እሳት ይገባዋል፤ እኔ የምጨነቀው ለሃይማኖት እንጂ ለሰው አይደለም ብሏል። መቀላቀልንም መከፋፈልንም መለወጥንም አንልም ብሎም አውግዟል። ያለ ውላጤ፣ ያለ ሚጠት፣ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ቡዐዴ የምንለው ይኸው ነው።

ዮሴፍ (ካቶሊካዊ)

በዚህ አብዛኛው እስማማለሁ። ለፍትሕ ያህል ግን ይህም ይጻፍ፤ በ449 በዲዮስቆሮስ ሊቀመንበርነት በኤፌሶን የተደረገው ጉባኤ አውጣኪን ወደ ክህነቱ መልሷል፤ ፍላብያኖስን ሽሯል። የልዮን መልእክተኞች፣ የጶጥዮሊው ጳጳስ ዩልዮስና ዲያቆኑ ሂላሩስ፣ ደብዳቤው እንዲነበብ ጠይቀው አልተነበበም። ተነብቦ በዚያው ሦስቱ ጥያቄዎች ተነሥተው ቢመለሱ የሁለት ዓመት ቂም ባልተከማቸም ነበር። ፍላብያኖስ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ልዮንም ጉባኤውን የወንበዴዎች ጉባኤ ብሎ ጠራው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን በጸጥታ ማንበብ ለማንም ከባድ ነበር።

ደቀ ቄርሎስ

አለመነበቡ ጉዳት ነበር፤ ይህን አልክድም። አውጣኪም የተመለሰው በጽሑፍ ያቀረበው ምስክርነት ተቀባይነት አግኝቶ ነው፤ በኋላ አባቶቻችን ጢሞቴዎስም ሳዊሮስም በስሙ አውግዘውታል።

ወለተ ሚካኤል

ደብዳቤው በመጨረሻ ያስከተለው ነገር በአምስተኛው ስብሰባ፣ ኦክቶበር 22፣ ይታያል። ጳጳሳቱ ያረቀቁት የሃይማኖት መግለጫ «ከሁለት ባሕርይ» ይል ነበር፤ አብዛኛው ጳጳስም ተቀብሎታል። የሮም መልእክተኞች ግን ከልዮን ደብዳቤ ጋር ካልተስማማ ወደ ሀገራችን እንመለሳለን አሉ። የንጉሡ ሹማምንት ነገሩን እንዲህ አድርገው አቀረቡት፦ ዲዮስቆሮስ «ከሁለት የሚለውን እቀበላለሁ፣ ሁለት የሚለውን አልቀበልም» ይላል፤ ልዮን ደግሞ ሁለት ይላል፤ ማንን ትከተላላችሁ? «እንደ ልዮን» ተባለ። ረቂቁ ተሻሽሎ «በሁለት ባሕርይ» ሆነ፤ በዚህም ጸደቀ። ከ«ከ» ወደ «በ» የተዛወረው በዚያ ቀን ነው። ደብዳቤው ከመጽደቁ ይልቅ የመግለጫውን ቃል መለወጡ ነው ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት የከፈለው ብዬ አምናለሁ።

ተክለ ጽዮን

እግዚአብሔር ያክብርልን። ለጉባኤው በምን ቅደም ተከተል ቢነበብ ይሻላል? ከእኛ መጻሕፍትስ የትኞቹን ልጨምር?

ዐንባቤ መጻሕፍት

ከልዮን አትጀምሩ። ቄርሎስ ለንስጥሮስ የጻፈውን ሁለተኛ ደብዳቤ አስቀድሙ፤ አጭር ነው፣ ሁለቱም ወገን ይቀበለዋል። ቀጥሎ የአውጣኪን ቃል ከክሱ መዝገብ፣ ከዚያ የልዮንን ምዕራፍ 6 አንብቡ። መጨረሻውን በመጀመሪያ ማንበብ ደብዳቤው ለምን እንደተጻፈ ያሳያል። ወደ ምዕራፍ 3 እና 4 ተመልሳችሁ ወለተ ሚካኤል የጻፈቻቸውን ሦስት ቃላት አስምሩባቸው፤ አጠገባቸው የቄርሎስን አራተኛ ውግዘትና የ433ቱን ስምምነት አስቀምጡ። ምዕራፍ 5ን አትዝለሉ፤ የ453ቱን ደብዳቤ በመጨረሻ። በአንድ ጉባኤ አያልቅም፤ ለምዕራፍ 4 ብቻ አንድ ሙሉ ቀን መድቡለት።

ከእኛ ዘንድ በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተተረጐመው መጽሐፈ ቄርሎስ አለ። ሃይማኖተ አበው ከዐረብኛ የተመለሰ ሆኖ የዲዮስቆሮስን፣ የጢሞቴዎስንና የሳዊሮስን ቃል ይዟል፤ ከኬልቄዶን በኋላ የተሰጠውን መልስ ከዚያ ታገኛላችሁ። በቅዳሴያችን «መለኮቱ ከትስብእቱ ለአንዲት ሰዓት፣ ለዐይን ቅጽበት ያህል እንኳ አልተለየም» የሚለው ምስክርነት ከምዕራፍ 4 ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ልዩነቱ ለምእመን ሁሉ ቶሎ ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ፦ መምህራኖቻችን «ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ» ሲሉ አካልንና ባሕርይን አያይዘው ነው። ልዮን ግን አካልን አንድ፣ ባሕርይን ሁለት ይላል። ተሳታፊ «እርሱም አንድ አካል ብሏል፣ ታዲያ ምን ቀረ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ ወደ ባሕሩ ጉዞ መልሱት፦ በውኃው ላይ የሄደው ማን ነው፣ ሥራውስ ስንት ነው?

ዮሴፍ (ካቶሊካዊ)

ለዚያ ጉባኤ ሁለት ነገር ጨምሩ። የምሥራቅና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በ1964 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ተገናኝተው የጀመሩት ውይይት በ1971 አዲስ አበባ ላይ ቀጥሏል። ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ሺኖዳ 3ኛም በሜይ 1973 የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። መግለጫው ጌታን በመለኮቱ ፍጹም አምላክ፣ በትስብእቱ ፍጹም ሰው ብሎ ይመሰክራል፤ «በሁለት ባሕርይ» የሚለውን ሐረግ ግን አልተጠቀመም። ጽሑፉን ከልዮን ምዕራፍ 3 ጋር አስተያዩት።

ደቀ ቄርሎስ

ተክለ ጽዮን፣ ያ መግለጫ ሲነበብ ተዋሕዶው ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለየት መሆኑን የሚመሰክረውን ክፍል እንዳትዘሉ።